የልብ ሐኪም በስንት ዓመት ይደርሳል?

በሮቤና በጎባ የምናስተምር መምህራን በየዓመቱ አንድ የታወቀ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ አንድ የታወቀ መልስም እናገኛለን። «ስታድጉ ምን መሆን ትመኛላችሁ?» ስንል ከክፍሉ እኩሌታው «ዶክተር!» ይላል። «የምን ዶክተር?» ብለን ስንከተል ግን ጩኸቱ ይበርዳል። ጥቂቶቹ «የዓይን»፣ ጥቂቶቹ «የልብ» ይላሉ። «የልብ ሐኪም ለመሆንስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለን ስንጨምርበት «አራት»፣ «አምስት» የሚል ግምት ይመጣል።

ግምቱ የልጆች ብቻ አይደለም። ልጁ የሕክምና ትምህርት ቤት የገባለት አባትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስባል። ልጁ በመጀመሪያው ክረምት ለእረፍት ሲመጣ የጎረቤቱን ሕመም ሁሉ ይዘረዝርለታል፤ ልጁ ገና የአጥንት ስም እያጠና መሆኑን ሲነግረው ቅር ይለዋል። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ የልብ ሐኪም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ መንገዱስ ለምን እንዲህ እንደሚረዝም ልናወሳ ወደድን።

ነገሩ ለኛ ለባሌ ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በየክፍላችን ከእኩዮቹ ጋር ሁለት ዙር ሮጦ ሦስተኛውን የማይደግም ልጅ አለ። ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ የሚል፣ ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር የሚጠቁር ልጅም አልፎ አልፎ ይገኛል። ሰነፍ ወይም ቀበጥ የሚመስለው መምህር አይጠፋም። ልጁ ግን ቁጢጥ የሚለው ለጨዋታ አይደለም፤ ከነጉድለቱ የተፈጠረ ልብ ያለው ልጅ በዚያ አቀማመጥ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ስለሚጨምርለት እፎይ ይላል። ማንም አላስተማረውም፤ ሰውነቱ ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው።

ሌላው ዓይነት አብሮ የሚወለድ ሳይሆን በኋላ የሚመጣው ነው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች መካከል ዋነኛው ይኸኛው ሲሆን፣ አጀማመሩ ከልብ ጋር የሚያገናኘው አይመስልም። ልጁ ቶንሲል ይታመማል። ጉሮሮው ይሻለዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ጉልበቱን ያመውና እሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱን፣ እሱ ሲተወው ክርኑን ይይዘዋል። ጀርሙን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ አቅጣጫውን ስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ መምታቱ ነው። ቁርጥማቱ ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፤ ልብን ግን እንዲሁ አይተውም። ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈቱትና የሚዘጉት የልብ በሮች ወይም ቫልቮች ይቆስላሉ፣ ይወፍራሉ፣ ይጣበቃሉ። ልጁ ይህን ሳያውቅ ያድጋል። ሴት ልጅ ከሆነች ብዙ ጊዜ የሚታወቅባት አግብታ ስታረግዝ ነው፤ እርግዝና የደሙን መጠን ስለሚጨምረው የጠበበው በር አልበቃ ይላታል።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው ቤተሰብ ዱዓ ያስደርጋል፤ ወደ ሼክ ሁሴን ለዚያራ የሚጓዘውም ሕመምተኛውን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ከጤና ጣቢያ ወደ ጎባ ሆስፒታል፣ ከጎባ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ወረፋ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ሕፃናት በአገር ደረጃ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ ሐኪሞቹ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ለምን ጥቂት ሆኑ? መልሱ ያለው በትምህርቱ ርዝመት ውስጥ ነው።

ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለው ስሌት

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ18 ወይም በ19 ዓመቱ የጨረሰ ጎበዝ ተማሪ የሕክምና ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ስድስትና ሰባት ዓመት ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጽሐፍና የአስከሬን ዓመታት ናቸው፤ የሰውን አካል ክፍሎች በስማቸውና በቦታቸው ያጠናል። ቀጥሎ ከመምህራኑ ኋላ ተሰልፎ የሆስፒታል አልጋዎችን ይዞራል። የመጨረሻው ዓመት የኢንተርንነት ዓመት ሲሆን ሌሊቱን ከሕመምተኛ ጋር የሚያድርበት ነው። ከዚህ በኋላ ጠቅላላ ሐኪም ይባላል። ዕድሜው 25 ገደማ ነው።

ወላጅ «ልጄ ጨረሰ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ለልብ ሐኪምነት ግን ገና ደጃፉ ላይ ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ ሆስፒታል ያገለግላል። ቀጥሎ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ የውስጥ ደዌን፣ ወይ የሕፃናት ሕክምናን። ይህ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሲጨርስ ስፔሻሊስት ነው፤ የልብ ሐኪም ግን አሁንም አይደለም። የሚያውቀው ሳንባንም፣ ኩላሊትንም፣ ጉበትንም ነው። ከዚህ በላይ ለልብ ብቻ ሁለት ዓመትና ከዚያም የበለጠ ይማራል። ዓመታቱን ስንደምራቸው ራሱን ችሎ «የልብ ሐኪም ነኝ» የሚለው ሠላሳ ዓመትን ካለፈ በኋላ ነው። ደረት ከፍቶ የሚሠራው የልብ ቀዶ ሐኪም ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ በቀዶ ሕክምና በኩል ይሄዳል፣ ሳይረዝምም አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የልብ ሐኪምና የልብ ቀዶ ሐኪም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያዳምጣል፣ በኢኮ መሣሪያ የልብን እንቅስቃሴ ያያል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ በደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጠበበውን ያሰፋል። ሁለተኛው ቢላ ይይዛል። ቢላ የያዘውም ብቻውን አይሠራም። ልብ ቆሞ በሚሠራበት ቀዶ ሕክምና ደሙን ከሰውነት አውጥቶ አየር ሰጥቶ የሚመልስ መኪና አለ፤ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ነው። መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ለብቻው ይሠለጥናል። የሚያደነዝዘው ሐኪም፣ ከቀዶው በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ የምትቆመው ነርስ፣ ሁሉም ለዚህ ሥራ ተብሎ የተማሩ መሆን አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ቀዶው አይካሄድም።

ለኛ መድረሳም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ለገባን ሰዎች ይህን ለመረዳት የሚቀርበን ምሳሌ አለ። ደረሳ ኪታብን ገዝቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ዓሊም አይባልም። ሼኩ ፊት ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ሼኩ ያቃናዋል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ኢጃዛ ይሰጠዋል። ሼኩም በተራው ከሼኩ የተቀበለው ነው። የልብ ሐኪምም ልክ እንዲህ ነው። የልብ ምት «ሉብ-ደብ» ሲል በመካከሉ የሚሰማውን እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ መጽሐፍ ይገልጸዋል፤ ጆሮ ግን የሚለየው «አሁን ስማ፣ ይህ እሱ ነው» የሚል መምህር አጠገብ ሲኖር ነው። እንግዲህ መምህሩ በአገር ውስጥ ከሌለ ትምህርቱ ከየት ይጀመራል?

አገራችን እንዴት ጀመረች?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ቤይሩትን ወይም አውሮፓን ወይም አሜሪካን ማየት ነበረበት። ፋኩልቲው ከተከፈተ በኋላም ጠቅላላ ሐኪም በአገር ውስጥ ይመረቅ እንጂ የልብን ሕክምና የሚሻ ሁሉ ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር። ሄደው የቀሩ አሉ፤ የተመለሱም አሉ።

በአገር ውስጥ ሥራውን ከጀመሩት መካከል ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። የልጁን ደረት አዳምጠው በሽታውን በስሙ ለይተው ያውቁታል፤ የሚድንበትን ቀዶ ሕክምናም ያውቁታል፤ ቀዶው ግን በአገር ውስጥ የለም። ለእናቲቱ ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ዕውቀት ለሐኪም ሸክም ነው። ዶክተር በላይ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ በአንድ በኩል ሕፃናቱ ውጭ አገር ሄደው የሚታከሙበትን መንገድ ሲያፈላልግ፣ በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምናው በአገር ውስጥ የሚሰጥበትን ማዕከል ለመገንባት ተነሣ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ተመረቀ። በመካከሉ 20 ዓመት አለ። አንድን የልብ ሐኪም ከ12ኛ ክፍል አንሥቶ ለማድረስ ከሚፈጀው ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው።

ሕንፃው ሲቆም ቀዶ ሐኪሙ ወዲያው አልተገኘም። መጀመሪያ ላይ ከውጭ አገር የሚመጡ ቡድኖች አንድ ሁለት ሳምንት ሰንብተው ሕፃናትን ያክሙ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ሐኪሞችና ነርሶች አጠገባቸው ቆመው ይማራሉ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ሥራው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ውጭ አገር ሄደው የሠለጠኑት ተመለሱ፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። በጥቁር አንበሳም የሕፃናትና የአዋቂዎች የልብ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ። መምህሩ አገር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከሕንፃው ይልቅ ይህን ትልቁ ነገር አድርገን የምናየው ለዚህ ነው።

የአክስቱን ሞት የሰማው ልጅ

ወደ አዲስ አበባው ማዕከል ቡድን ከሚልኩት ድርጅቶች አንዱ «ቼይን ኦፍ ሆፕ» የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ሰው ግን በትውልዳቸው ግብፃዊ ናቸው፤ ፕሮፌሰር መግዲ ያዕቁብ። ከቅብጥ ክርስቲያን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1935 ቢልቤይስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ልጁ ሐኪም ለመሆን የወሰነው ግን አባቱን አይቶ ብቻ አይደለም። አክስቱ ገና በ22 ዓመቷ በወሊድ ጊዜ ሞተች፤ የገደላትም ከላይ ያወሳነው የልብ በር መጥበብ ነበር። የሚድን በሽታ እንደሆነና በዚያ ጊዜ ግን በአገሩ የሚያድነው እንዳልነበረ ሲሰማ የልብ ቀዶ ሐኪም እሆናለሁ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው እንደገና ከታች ጀመሩ፤ በ1968 በቺካጎ አስተማሩ፤ በ1969 ለንደን አጠገብ ባለው ሄርፊልድ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ከምረቃ እስከዚህ ድረስ 12 ዓመት ማለት ነው። ሄርፊልድ ያኔ ዝነኛ ሆስፒታል አልነበረም። ከ1980 ጀምሮ ግን በልብ ንቅለ ተከላ በዓለም ከታወቁት ተርታ ገባ። በ1992 የእንግሊዝ መንግሥት የ«ሰር» ማዕረግ ሰጣቸው። በ2009 ደግሞ በላይኛው ግብፅ በአስዋን የልብ ማዕከል ከፈቱ። ከካይሮ ይልቅ አስዋንን መምረጣቸውን ልብ እንበል፤ ከዋና ከተማ ርቆ የሚኖር ሕመምተኛ ሐኪም ወዳለበት ከሚጓዝ ይልቅ ሐኪሙ ወደ እሱ እንዲሄድ ነው። ለኛ ከአዲስ አበባ ለራቅነው ይህ ትርጉም አለው።

ፊቅህ ያስተማረው ሐኪም

ከካይሮ ሳንወጣ ከዚያ ሰባት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የነበረ ሌላ ሰው እናንሣ። «ልጄ ቁርኣኑንና ኪታቡን ከያዘ ለዘመናዊው ትምህርት ጊዜ ከየት ያገኛል?» የሚሉ ወላጆች በባሌም በሌላውም አገር አሉ፤ ተገላቢጦሹን የሚሉም አሉ። ኢብኑ ነፊስን ላስታውሳቸው ሰው ሁለቱም ክርክሮች ይላላሉ።

ዓላኡዲን ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1213 በደማስቆ ወይም በአካባቢዋ ተወለዱ። ሕክምናን የተማሩት በደማስቆው የኑሪ ሆስፒታል ነው፤ መምህራቸው አድ-ዳኽዋር የተባሉት ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። ሆስፒታሉ ሕመምተኛ የሚታከምበት ብቻ ሳይሆን ተማሪ ከመምህሩ ጋር የሚውልበትም ነበር። ኋላ ወደ ካይሮ ሄደው በሐኪምነት ሠሩ። በዚያው በካይሮ በመስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። አንዱ ሥራ ሌላውን አልከለከላቸውም።

በ1242 ገና በ29 ዓመታቸው በኢብኑ ሲና መጽሐፍ የአካል ክፍሎች ምዕራፎች ላይ ማብራሪያ ጻፉ። ከእርሳቸው በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች የሚያምኑት ጋሌን የተባለውን የጥንት ሐኪም ነበር፤ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከሉ ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው የሚለውን። ኢብኑ ነፊስ ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀዳዳ የለውም አሉ። ደሙ ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል ብለው ጻፉ። ዛሬ ማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ በሥዕል የሚያየው ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ የደምን ዑደት በሙሉ ገልጾ መጽሐፉን ያሳተመው በ1628 ነው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ግን ተረስቶ ቆየ፤ በ1924 ሙሕየዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ የሕክምና ተማሪ በጀርመን አገር በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእጅ ጽሑፉን አገኘው። አንድ ተማሪ ዐረብኛ ማንበብ መቻሉና ሕክምና መማሩ በአንድ ሰው ላይ ባይገናኙ ኖሮ ያ ጽሑፍ እስከ መቼ እዚያ ይቀመጥ ነበር?

ኢብኑ ነፊስ በ1288 በካይሮ አረፉ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ሐኪሞች ወይን ለመድኃኒት ቢያቀርቡላቸው አልጠጣም ብለዋል። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን በካይሮ ለመንሱሪ ሆስፒታል አወረሱ።

እስኪደርስ ድረስ

ወደ ባሌ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በጎባ ሐኪሞችን ያስተምራል፤ የጎባ ሆስፒታልም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። ስለዚህ ከሮቤ፣ ከጊኒር፣ ከዲንሾ የመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ስድስትና ሰባት ዓመታት አገሩ ላይ ሆኖ መማር ይችላል። አንዲት ልጅ በመጪው ዓመት ብትገባ፣ ሳታቋርጥ ብትቀጥል፣ የልብ ሐኪም የምትሆነው ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ የሰባት ዓመት ልጅ ያኔ 20 ዓመት ይሞላዋል። ከቶንሲል የሚመጣው የልብ ሕመም የሚጀምረው ደግሞ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሐኪሟ ስትደርስ ያ ልጅ የሚያሰጋውን ዕድሜ ጨርሶ አልፎታል። ይህን ዕድሜ በደኅና የሚያሻግሩት እናቱ፣ አባቱ፣ መምህሩና የቅርቡ ጤና ጣቢያ ናቸው።

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ በተለይ ትኩሳት ካለውና መዋጥ ከከበደው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፤ በወቅቱ ከተወሰደ ጉሮሮውን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ይጠብቅለታል። ክኒን ከታዘዘለት «ተሽሎታል» ተብሎ በሦስተኛው ቀን አይቋረጥ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለዚህ ሕመም መድኃኒት አይደለም። ጀርሙን አያጠፋውም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ ቁስለትን ይጨምርበታል። ሴት አያቶቻችን ያደርጉት የነበረው ሌላ የሚያውቁት ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው።

ከቶንሲል በኋላ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ቁርጥማት የያዘው ልጅ ሆስፒታል መታየት አለበት። ሕመሙ ልቡን የነካ ሆኖ ከተገኘ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እንዲወስድ ይታዘዝለታል። መርፌው ያማል፤ ልጆች ይሸሹታል፤ ልጁ ደኅና መስሎ ስለሚታይም ወላጅ ይዘናጋል። የሚወሰደው ግን ለዓመታት ነው። ለአንዳንዱ እስከ 21 ዓመቱ፣ ቫልቩ ክፉኛ ለተጎዳው እስከ 40 ዓመቱና ከዚያም በላይ። በሰብል ስብሰባ፣ በዒድ፣ በዚያራ ጉዞ ምክንያት አንድ ቀጠሮ ካለፈ ልጁ እንደገና ቶንሲል ሊይዘው፣ በሩም እንደገና ሊቆስል ይችላል። ስለዚህ የመርፌውን ካርድ ከልጁ የትምህርት ቤት ወረቀት ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ለጉዞ ሲወጣም ካርዱ አብሮ ይያዝ፤ ቀኑ መንገድ ላይ ከደረሰ በቅርብ በተገኘው ጤና ጣቢያ አሳይቶ መወጋት ይቻላል።